ጽሑፍ ስንመርጥ ምን ይመረጥ? ለኤዲተሩ ሠሪዎች የምናስገባው የጋራ ሐሳብ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው በተስማማነው መሠረት ለኤዲተሩ፣ ማለትም ለጽሑፍ መጻፊያና ማረሚያ ፕሮግራማችን፣ ሠሪዎች ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ሐሳብ እናስገባለን። ጉዳዩ አንድ ነው፦ ሰው ፕሮግራሙን ጭኖ፣ ሴቲንግ ሳይነካ፣ ጽሑፍ ሰሌክት ሲያደርግ ምን ይሁን? «ያልተመቸው ይቀይረው» የሚለውን መልስ ባናመጣው ደስ ይለኛል። ሴቲንግ ገብቶ የሚቀይር ጥቂት ነው፤ ሌላው የተሰጠውን ይዞ እየተማረረ ይኖራል። ስለ ራሴ ነው የማወራው።

አራሚ፦
ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው የምውለው፤ ስለዚህ የኔን ብሶት ላስቀድም። ማውስ ስጎትት ኤዲተሩ ቃሉን ሙሉ በሙሉ ጠቅልሎ የሚይዘው ነገር ይቅርልኝ። ትናንት የገጠመኝን ላሳያችሁ። «ከጸሐፊውና ከአራሚው» ተብሎ ተጽፏል፤ ሊባል የተፈለገው «ከጸሐፊው ለአራሚው» ነው። መነካት ያለባቸው «ና»፣ ባዶ ቦታው እና «ከ» ብቻ ናቸው። ከ«ና» ተነስቼ መጎተት ስጀምር ደህና ነበር። ባዶ ቦታውን እንዳለፍኩ ግን ሁለቱም ቃላት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ ሆኑ። መለስ ብዬ ሞከርኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ ሁለቱንም ቃላት አጥፍቼ እንደገና ጻፍኳቸው። ለሦስት ምልክት!

መስተዋድዱ ለብቻው በሚጻፍበት ቋንቋ ይህ አሠራር ሳይጠቅም አይቀርም። በአማርኛ ግን «ከ»፣ «ለ»፣ «የ»፣ «ና»፣ «ም»፣ «ን» ሁሉ ከቃሉ ጋር ተለጥፈው ነው የሚሄዱት። ከምናርመው ስህተት ብዙው ደግሞ እነሱ ላይ ነው።

ፕሮግራመር፦
እስማማለሁ። ማይክሮሶፍት ዎርድም ይህን ነገር ማጥፊያ ሴቲንግ አለው፤ ሙሉ ቃል በራሱ እንዲይዝ ከሚያደርገው ሳጥን ላይ ምልክቱን ማንሳት ነው። ሙሉ ቃል የሚፈልግ ሰውም አይጎዳም፤ ደብል ክሊክ አድርጎ ሳይለቅ ቢጎትት ቃል በቃል ይይዝለታል። ተራ መጎተት ፊደል በፊደል ይሁን፣ ደብል ክሊክ ይዞ መጎተት ቃል በቃል። ሁለቱን ማደባለቅ ለማንም አይበጅም።

ነባር አባል፦
የአራሚዋን ነገር ተቀብያለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰሌክት ከተደረገ በኋላ አንድ ቁልፍ ስትነካ የተመረጠው መጥፋት አለበት ወይ? እኔ ኢማክስ የሚባለው የቆየ ኤዲተር ላይ ነው ያረጀሁት። እዚያ በነባሪው፣ ማለትም ሴቲንግ ሳይነካ፣ ጽሑፍ መርጠህ ብትጽፍ፣ የጻፍከው ከርሰሩ ካለበት ይገባል እንጂ የተመረጠው አይሰረዝም። እንዲሰረዝ የፈለገ ራሱ ያበራዋል። በእኛም እንደዚያ ቢሆን እላለሁ።

ተርጓሚ፦
ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ቢደረግ አዲስ የሚመጣው ሰው ግራ ይጋባል። መርጦ በላዩ መጻፍ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ፣ ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ጂፕሲ የተባለውን ኤዲተር ሲሠሩ የመጣ ልማድ ነው። ፊት ትመርጣለህ፣ ከዚያ የምታደርገውን ታደርጋለህ። አሁን በስልክም በኮምፒውተርም ሰው ሁሉ እጁ የለመደው እሱን ነው። ይህን መቀየር በር ከፍቶ የለመደን ሰው በመስኮት ግባ እንደ ማለት ይሆናል።

ተማሪ፦
እኔ ግን ከጋሼ ጋር ነኝ፤ ምክንያት አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሙሉ ምዕራፍ ኮፒ ላደርግ ከንትሮል ኤ ተጫንኩ። ቀጥሎ ከንትሮል ሲ ልጫን ስል ጣቴ ከንትሮሉን ስቶ ሲውን ብቻ አገኘ። ምዕራፉ በሙሉ ጠፍቶ አንዲት ፊደል ቀረች። ፕሮግራሙ ደግሞ ወዲያው በራሱ ሴቭ የሚያደርግ ነበር። ደንግጬ ዘጋሁት። ስከፍተው ከንትሮል ዜድ የሚመልሰው ነገር አልነበረውም።

ፕሮግራመር፦
አይዞሽ። ግን የጎዳሽ መተካቱ ሳይሆን የመመለሻው መጥፋት ነው። ስለዚህ መተካቱ ይቆይ፤ ሁለት ነገር እንጨምርበት። አንደኛ፣ አንድ ከንትሮል ዜድ የተሰረዘውን በሙሉ ይመልስ፤ ሲመልሰውም እንደ ቀድሞው ተመርጦ ይታይ። ጽሑፉ ተመልሶ ከርሰሩ ሌላ ቦታ የሚቀመጥበት ኤዲተር አጋጥሞኛል፤ የቱ እንደተመለሰ ፍለጋ ትገቢያለሽ። ሁለተኛ፣ ፋይሉ ተዘግቶ ሲከፈትም የመመለሻው ታሪክ አብሮት ይኑር።

ነባር አባል፦
ሁለተኛው ካለ እኔ ተቃውሞዬን አነሳለሁ። «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ሳጥን ግን እንዳታመጡብኝ። ለአንድ ሳምንት ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ጣት ሳያነብ «አዎ» ማለት ይለምዳል።

አስተባባሪ፦
ተይዟል። ወደ ደብል ክሊክ እንለፍ። ቃል የሚባለው ከየት እስከ የት ነው?

ፕሮግራመር፦
እዚህ ላይ ብዙ ሥራ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በአንድ ዓይነት የሚያውቁበት መስፈርት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በስሪት 3.0 ነው፤ ዩኒኮድ የቃል ወሰን የሚለይበት ደንብም አለው። ደንቡን የሚከተል ኤዲተር «ሄደ።» ላይ ደብል ክሊክ ሲደረግ አራት ነጥቡን ትቶ «ሄደ»ን ይይዛል። ከላቲን ኪቦርድ የተለቀሙ ምልክቶችን ብቻ ቃል ለያይ አድርጎ የሚቆጥር ኤዲተር ግን «።»ን እንደ ፊደል ያያታል፤ ቃሉን ከነነጥቡ ይወስደዋል። በሁለት ነጥብ የተለየ የድሮ ጽሑፍ ስጡትማ፦ «ሰው፡ሁሉ፡መጣ» ለእሱ አንድ ቃል ነው።

ትናንት ማታ የኤዲተራችንን የሙከራ ስሪት ፈተሽኩት። ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ችግር የለበትም። «ዓ.ም» አንድ ላይ ይያዛል፤ ነጥብ በሁለት ፊደላት መካከል ስትገባ ደንቡ አይቆርጥም። «፲፱፻፺፪» ላይ ግን ደብል ክሊክ ሳደርግ የተያዘው «፻» ብቻ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለውና እንደ 0–9 ዋጋው በቦታው ስለማይወሰን ዩኒኮድ ከተራ አሃዝ አይመድበውም፤ ከፊደልም አይቆጥረውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ይቆረጣል። ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ምልክቶች ተከታትለው ሲመጡ እንደ አንድ ይያዙ ብለን እንጠይቅ፤ ለሠሪዎቹ ቀላል ሥራ ነው።

አራሚ፦
እዝባሩስ? «ወ/ሮ» ላይ ደብል ክሊክ ሳደርግ «ወ» ብቻዋን ትመጣለች። «ት/ቤት»፣ «ዶ/ር»፣ «መ/ቤት» ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

ተርጓሚ፦
እዝባር ሁልጊዜ ያጣብቅ ካልን ደግሞ «ወንድ/ሴት» አንድ ቃል ይሆናል። የፋይል አድራሻም ከነአቃፊዎቹ ይጎተታል።

ፕሮግራመር፦
ከእዝባሩ በፊት አንድ ፊደል ብቻ ሲኖር ይጣበቅ ብንልስ?

አራሚ፦
«ኃ/የተ/የግ/ማኅበር» እኮ አለ።

ፕሮግራመር፦
እሱን ረስቼው ነበር።

አስተባባሪ፦
እዝባሩ ክፍት ጥያቄ ሆኖ ይግባ፤ ያልጨረስነውን ጨረስን አንበል። ከቃሉ በኋላ ያለው ባዶ ቦታስ?

ተርጓሚ፦
አይያዝ። ዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ደብል ክሊክ ሲደረግ ባዶ ቦታውንም ይጨምራሉ፤ ማክ ላይ ቃሉ ብቻ ነው የሚያዘው። ባዶ ቦታው አብሮ ሲያዝ፣ በላዩ ስጽፍ ቀጣዩ ቃል ከጻፍኩት ጋር ይጣበቃል። ቃሉን ከት አድርጎ ሌላ ቦታ ፔስት ሲደረግ ባዶ ቦታ ማስተካከል ካስፈለገ ያኔ ኤዲተሩ ራሱ ያስተካክል። የመረጥኩት ሲታይ ግን ቃሉ ብቻ ይሁን።

ተማሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር? ምንም ሳይመረጥ ከንትሮል ኤክስ ሲነካ መስመሩን በሙሉ የሚቆርጡ አሉ።

ፕሮግራመር፦
የኮድ መጻፊያው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በነባሪው እንደዚያ ነው። ለኮድ ግሩም ነው፤ እኔ በቀን መቶ ጊዜ እጠቀምበታለሁ። ግን ኮድ ውስጥ መስመር አጭር ነው። በተራ ጽሑፍ መስመር የሚባለው ኢንተር እስኪመታ ያለው ሁሉ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ታጥፎ አሥር መስመር ቢመስልም ለኤዲተሩ አንድ ነው። ሰው አንድ መስመር ቆረጥኩ ሲል አንቀጽ ይሄዳል። ለኮድ ፋይል ይብራ፣ ለጽሑፍ ፋይል ይጥፋ።

ነባር አባል፦
ሊኑክስ ላይ እንደለመድኩት የተመረጠው በራሱ ኮፒ ሆኖ በመሃለኛው የማውስ ቁልፍ ቢለጠፍስ?

ተርጓሚ፦
ጋሼ፣ እሱን በራስዎ ማሽን ያብሩት።

ነባር አባል፦
እሺ፣ ሞከርኩ።

አስተባባሪ፦
እንግዲህ ረቂቁ ይኸው፦ «በነባሪው፣ በማውስ መጎተት ፊደል በፊደል ይምረጥ፤ ደብል ክሊክ ይዞ መጎተት ቃል በቃል። ደብል ክሊክ ቃሉን ብቻ ይያዝ፤ ባዶ ቦታና ሥርዓተ ነጥብ አይጨምር፤ የተከታተሉ የግዕዝ ቁጥሮችን እንደ አንድ ቃል ይቁጠር። በተመረጠው ላይ ሲጻፍ ይተካ፤ አንድ መመለሻ ጽሑፉንም ምርጫውንም ይመልስ፣ ታሪኩም ፋይሉ ሲዘጋ አይጥፋ። በጽሑፍ ፋይል ምርጫ ከሌለ ኮፒና ከት ምንም አያድርጉ። በእዝባር የተጻፉ ምሕጻረ ቃላት ጉዳይ ክፍት ነው።» ማሻሻያ ያለው እስከ ዓርብ ይላክልኝ።

አራሚ፦
«ምንም አያድርጉ» ላይ አንድ ነገር ይጨመር፤ ቀድሞ ኮፒ የተደረገውንም አያጥፉት። ባዶ ነገር ኮፒ አድርጎ የነበረኝን የወሰደብኝ ፕሮግራም አለ። በእዝባሩ ላይ ደግሞ የምሕጻረ ቃላት ዝርዝር እኔ ጋር አለ፤ ዛሬ ማታ አጽድቼ እልከዋለሁ።