የሚኒ ሚዲያ ክበብ ከባዶ ለማቋቋም

ቤዛ 10ኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የለውም። ሰባት ተማሪዎች ሆነን ልናቋቁም ተስማምተናል። ፈቃድ የሚጠየቀው ከማን ነው? ዕቃስ ምን ምን ያስፈልጋል? የምንማረው በፈረቃ ነው።

ተጠሪ መምህር፦
ከማመልከቻው በፊት ተጠሪ መምህር ያዙ። የቋንቋ መምህር ቢሆን ጽሑፍ ለማረምም ይረዳችኋል። ተጠሪ የሌለው ማመልከቻ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀረው፤ ለሚጠፋ ዕቃና ለሚነበበው ጽሑፍ ኃላፊ የሚሆን ሰው የለማ። ዓላማውን፣ የአባላቱን ስምና ክፍል፣ የሥርጭቱን ሰዓትና የምትጠይቁትን ዕቃ በአንድ ገጽ ጻፉ። የክበባት ዕቅድ ሳይዘጋ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ አስገቡት።

ሰብሳቢ ከ12ኛ ክፍል አትምረጡ። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲገባ ለብሔራዊ ፈተና ጥናት ይሄዳሉ፣ ክበቡም መሪ ያጣል። ሰብሳቢው ከ11ኛ፣ ምክትሉ ከ9ኛ ወይም ከ10ኛ ይሁን። ለጠዋትና ለከሰዓት ፈረቃ የተለያየ ቡድን መድቡ፤ ዕቃው በፈረቃ መሀል በፊርማ ይረካከብ።

ድምፅ ቴክኒክ፦
ለጅምር አንድ አምፕሊፋየር፣ ባለገመድ ማይክ ሁለት፣ ሆርን ስፒከር (ጥሩንባ መሰሉ የግቢ ድምፅ ማጉያ) ሁለት ይበቃል። ሞንታርቦ ለአዳራሽ እንጂ ለግቢ አይሆንም፤ ዝናብም ያበላሸዋል።

ብዙ አምፕሊፋየር የሚቃጠለው በአስተሳሰር ነው። ኋላ ሆርኖቹን አራት ብታደርጉ፣ ባለ 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) ሆርኖች አራቱ በትይዩ ሲታሰሩ ጭነቱ 2 ኦም ይሆናል፤ የሚችለው ዝቅተኛ ጭነት 4 ኦም የሆነ አምፕሊፋየር ይህን አይችልም። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አገናኙና ሁለቱን ጥንዶች በትይዩ እሰሩ፤ ተመልሶ 8 ኦም ይሆናል። ሽቦው ረጅም ከሆነ ባለ 100 ቮልት መስመር አምፕሊፋየርና ትራንስፎርመር ያላቸው ሆርኖች ግዙ፤ አለበለዚያ ጉልበቱ ሽቦው ላይ ያልቃል። የሚያፏጭ ከሆነ ማይኩ የሆርኑን ድምፅ መልሶ እየወሰደ ነው፤ ሆርኑን ከስቱዲዮው መስኮት አርቁት።

ቤዛ 10ኛ፦
በጣም አመሰግናለሁ! የ15 ደቂቃ እረፍት አለን፤ በምን እንሙላው?

ተጠሪ መምህር፦
ከ10 ደቂቃ አትለፉ፤ ደወል ከተደወለ በኋላ የቀጠለ ሥርጭት መምህራንን ያስቀይማል። የትምህርት ቤት ዜና 2፣ ማስታወቂያ 1፣ ጥያቄና መልስ 4፣ የተማሪ ግጥም 3 ደቂቃ ይያዝለት። ሙዚቃ መግቢያና መውጫ ላይ ብቻ ይሁን፤ ሲበዛ ክበቡ የዘፈን መክፈቻ ነው ተብሎ ይዘጋል። ጽሑፉ ከሥርጭቱ በፊት ባለው ቀን ለተጠሪው ይድረስ፣ የታረመውም ቅጂ በፋይል ይቀመጥ። ቅሬታ ሲመጣ መልስ የምትሰጡት እሱን አውጥታችሁ ነው።