ሄልሲንኪ፦ ሰባት ሰዓት ወይስ አንድ አዳር?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስዊድን ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን የዘንድሮው የጋራ ጉዞ ከስቶክሆልም ወደ ፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ እንዲሆን ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። ለሥራ አመራር ኮሚቴው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ተባብረን እንጻፈው። መነሻ ረቂቄ ይኸው። ከሰዓት በኋላ መርከብ እንሳፈራለን፤ በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ እንደርሳለን፤ ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ በዚያው መርከብ እንመለሳለን። በመሃል የወደቡን ገበያ ካውፓቶሪን፣ የሴኔት አደባባይን ከነነጩ ካቴድራል፣ ኡስፔንስኪ ካቴድራልን፣ ዓለት ውስጥ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን፣ የሱኦመንሊና ምሽግን፣ የፊንላንዳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሲቤሊየስን ሐውልት፣ የኦሎምፒክ ስታዲየሙን፣ ኦዲ ቤተ መጻሕፍትንና ሊናንማኪ መዝናኛን እናያለን። እስቲ ተቹት።

ገንዘብ ያዥ፦ ዘጠኝ ቦታ በሰባት ሰዓት? ይሄ ሽርሽር ነው ወይስ ማጣሪያ? በገንዘብ በኩል ግን ረቂቁን ወድጄዋለሁ። ሁለቱንም ሌሊት መርከብ ላይ ስለምናድር ሆቴል አንከፍልም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ሰባት ሰዓቱም ሰባት አይደለም። ከመርከብ መውረዱ፣ ሰው እስኪሰበሰብ መጠበቁ፣ ለመልሱ ቀድሞ መድረሱ አለ። የእኛን «መጣሁ መጣሁ» ስትጨምሩበት አምስት ሰዓት ቢቀር ነው። ሱኦመንሊና ብቻውን ሦስቱን ይበላዋል። እኔ አንድ አዳር ይጨመር ባይ ነኝ።

አንዲት እናት፦ እኔም አዳሩን እደግፋለሁ። ልጆቹን ከመርከብ አውርጄ፣ ከተማ አሯሩጬ፣ መልሼ መርከብ ላይ መጫን አልችልም። እውነቱን ለመናገር የኔ ልጆች ከከተማው ይልቅ የሚጓጉት ለመርከቡ ነው።

ጋሼ (የቀድሞ ሊቀመንበር)፦ ልጆቼ፣ ሰባት ሰዓትም ይሁን ሁለት ቀን፣ ስታዲየሙን እንዳትነኩብኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ሻምፒዮና እዚያ ሲካሄድ ጥሩነሽ ዲባባ 10 ሺሕ ሜትሩንም 5 ሺሕ ሜትሩንም ወሰደች። በአንድ ሻምፒዮና ሁለቱን በማሸነፍ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። በ10 ሺሕው ብርሃኔ አደሬ ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ ዲባባ ሦስተኛ። በ5 ሺሕው መሠረት ደፋር ሁለተኛ፣ እጅጋየሁ አሁንም ሦስተኛ። ሁለቱም መድረክ ላይ ከላይ እስከ ታች የኛ ልጆች ብቻ! በወንዶቹም 10 ሺሕ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ስህን ብር። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ያልጮኸ አበሻ አለ?

የወጣቶች ተወካይ፦ ጋሼ፣ እኔ ያኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ግን ይሁን፣ ስታዲየሙ ይግባ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ይቺንም ስሚ። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እዚያው ስታዲየም ነው፣ በፈረንጅ በ1983። ከበደ ባልቻ በማራቶን ብር አገኘልን። በ1952 ኦሎምፒክ ሲያዘጋጁ ግን እኛ ገና አልነበርንም፤ ኦሎምፒክ የጀመርነው ከአራት ዓመት በኋላ ሜልቦርን ላይ ነው።

አስተባባሪ፦ ስታዲየሙ ረጅም ማማ አለው። በአሳንሰር ወጥቶ ከተማውንና ባሕሩን ማየት ይቻላል፤ ይከፈልበታል። ከፍታው 72 ሜትር ከ71 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፊንላንዳዊው ማቲ ያርቪነን በ1932 ኦሎምፒክ ጦር ወርውሮ ወርቅ ያገኘበት ርቀት ማለት ነው። ከበሩ ውጭ የሯጩ የፓቮ ኑርሚ ሐውልት ቆሟል። ፎቶው እዚያ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ አዳሩን አልቃወምም፣ ግን ሚዛን ይጠበቅ። ሆቴል ከጨመርን የሚከፈልባቸውን ቦታዎች እንቀንስ። ደግነቱ ሄልሲንኪ ውስጥ ደህና ደህናው ነገር በነጻ ነው። ሱኦመንሊና ምሽግ የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ የሚከፈለው ውስጡ ላሉት ሙዚየሞች ብቻ ነው። የሚያሻግረው ጀልባ ደግሞ የከተማው ትራንስፖርት አካል ስለሆነ፣ ኤቢ ለሚባለው የትራንስፖርት ክልል የሚሸጠው የቀን ትኬት ለትራሙም ለጀልባውም ይሠራል። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናትም ትራምና ጀልባ ላይ በነጻ ነው የምትሄደው።

አንዲት እናት፦ ጋሪ ካልክ ላስጠንቅቅ። ሱኦመንሊና ሄጃለሁ። መንገዱ ብዙ ቦታ ኮብልስቶን ነው፤ ትንንሽ ጎማ ያለው ጋሪ ይንገጫገጭና ሕፃኑ ይነቃል። ትልቅ ጎማ ይዛችሁ ኑ። ዋሻዎቹ ውስጥ ጨለማ ነው፣ የስልክ መብራት ያስፈልጋል። ግንቡ ላይ አጥር የሌለበት ብዙ ነው፤ ልጅ እጅ በእጅ።

የታሪክ አፍቃሪ አባል፦ ስለ ሱኦመንሊና ሁለት ነገር ልበል። ስዊድን ውስጥ ለሚኖር ሰው ይሄ ቦታ የባዕድ አይደለም። ፊንላንድ በስዊድን ሥር ሳለች በ1748 ግንባታውን የጀመሩት ስዊድኖቹ ናቸው፣ ሩሲያን ለመመከት። በ1808 ግን ምሽጉ እጁን ለሩሲያ ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ ፊንላንድ ራሷ ወደ ሩሲያ ተሻገረች። ዛሬ በዩኔስኮ መዝገብ ያለ ቅርስ ነው፣ ከ1991 ጀምሮ። ደግሞ ባዶ ሙዚየም እንዳይመስላችሁ፤ ስምንት መቶ ያህል ሰው ይኖርበታል። ክፍት እስር ቤትም አለበት፤ ግንቡን ከሚጠግኑት መካከል እስረኞቹ ይገኛሉ።

እኔን የገረመኝ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ሩሲያኖቹ ኦርቶዶክስ አድርገው ሠሩት። ፊንላንድ ነጻ ከወጣች በኋላ የሽንኩርት ቅርጽ ያላቸው ጉልላቶቹ ወረዱና የሉተራን ሆነ። ማማው የመርከብ መብራት ጭምር ነው። አራት ጊዜ ብልጭ ይላል፤ በሞርስ ቋንቋ የሄልሲንኪ የመጀመሪያ ፊደል ማለት ነው።

አስተባባሪ፦ ለምሽጉ ጠዋቱን በሙሉ እንስጠው። ከዋናው መውረጃ እስከ ንጉሡ በር ድረስ በሰማያዊ ምልክት የሚመራ መንገድ አለ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል። ጉልበት የሚያማቸው ግማሽ መንገድ ላይ አረፍ ብለው ይጠብቁን። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ እንለፍ።

እትዬ (የሴቶች ዘርፍ)፦ ኡስፔንስኪ ይቅደም። ኦርቶዶክስ ነው። ቅዳሴያቸው ከኛ ቢለይም ሻማ አብርቶ መውጣት ማን ይከለክላል?

የታሪክ አፍቃሪ አባል፦ ልክ ነዎት እትዬ። ከገበያው ብዙም አይርቅም፣ ኮረብታው ላይ ነው፤ ቀይ ጡብ፣ ወርቃማ ጉልላት። ጡቦቹ በስዊድንና በፊንላንድ መሃል ካሉት ከኦላንድ ደሴቶች ነው የመጡት። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ ቦማርሱንድ የሚባለውን የሩሲያ ምሽግ አፈረሱት፤ ጡቡ በጀልባ እየተጫነ መጥቶ በ1868 ለተጠናቀቀው ለዚህ ካቴድራል ዋለ። የኛም መርከብ ሌሊት እዚያው ኦላንድ ቆም ይላል። ለምን መሰላችሁ? ደሴቶቹ ከአውሮፓ ኅብረት የታክስ ክልል ውጭ ስለሆኑ፣ እዚያ ስለሚቆም ነው የመርከቡ ሱቅ ያለ ቀረጥ መሸጥ የሚችለው።

የወጣቶች ተወካይ፦ ስለ ዓለቱ ቤተ ክርስቲያን «የፊንላንድ ላሊበላ» የሚል ማስታወቂያ አይጻፍ፣ አደራ! ባለፈው አንዱ ብሎት ሰው ሁሉ ሄዶ ቅር ተሰኝቶ ተመለሰ።

እትዬ፦ እውነቷን ነው። ላሊበላ አንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ ጣሪያውም ግድግዳውም ዓምዱም ከዚያው የወጣ ነው። እነሱ ዓለቱን ቆፍረው ላዩን በመዳብ ጉልላት ከደኑት። የተሠራውም በፈረንጅ በ1969 ነው፤ ዕድሜው ከኔ ያንሳል። ግን አትናቁት። ግድግዳው ሳይለዝብ እንደ ወጣ ነው የተተወው፤ ድንጋዩ ላይ የመሰርሰሪያውን ፈለግ በጣት መዳሰስ ይቻላል። ብርሃኑ በጉልላቱ ዙሪያ ካሉት መስኮቶች ነው የሚገባው። ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ድምፁን ታውቁታላችሁ። መግቢያ ይከፈልበታል፤ እሑድ ጠዋት ጸሎት ስላላቸው ቅዳሜ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህንን እንክፈል። ሊናንማኪስ?

አንዲት እናት፦ ሊናንማኪ ይቅር ያለ ሰው ልጆቹን ራሱ ያስረዳ። ግቢው በነጻ ነው፣ የሚከፈለው ለመጫወቻው ነው። ከ1951 ጀምሮ የሚሠራ የእንጨት ሮለርኮስተር አለው። ትርፉም ለሕፃናት ደኅንነት ሥራ ነው የሚውለው። ከስታዲየሙ ስለማይርቅ ጋሼ ትዝታቸውን ሲያወሩ እኛ እዚያ እንሁን።

ጋሼ፦ ተሸነፍኩ።

የወጣቶች ተወካይ፦ ሳውናውን ረሳችሁት። ፊንላንድ ሄዶ ሳውና ሳይገቡ መመለስ ነውር ነው። ሎይሉ የሚባለው ባሕር ዳር ያለው ሰው ሁሉ ፎቶ የሚለጥፍበት ነው።

እትዬ፦ ወንድና ሴት አንድ ላይ?

የወጣቶች ተወካይ፦ ሎይሉ አንድ ላይ ነው፣ ግን በዋና ልብስ። ካሊዮ ሠፈር ያለው ኮቲሃርዩ ከ1928 ጀምሮ በእንጨት የሚነድ የጥንት የሕዝብ ሳውና ነው። እዚያ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቱ ለብቻ።

እትዬ፦ የእንጨቱን አውቀዋለሁ፤ እናቴ በወይባ ጭስ ነው ያሳደገችኝ። የፈለገ በግሉ ከፍሎ ይሂድ፣ ማኅበሩ ግን በስሙ አይጻፈው።

አስተባባሪ፦ ተስማማን። መቼ እንሂድ? የጁን ማለቂያ እንዳትሉኝ፤ ለሚድሶማር፣ ለበጋው አጋማሽ በዓል፣ የሄልሲንኪ ሰው ይነቀልና ገጠር ይገባል፤ ብዙ ሱቅ ይዘጋል።

እትዬ፦ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ይፈታል፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። በፈረንጅ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ማለት ነው። በመሃል ያለው ቅዳሜና እሑድ ይሁን፤ ለሁሉም ሰው ሴሜስተር፣ የዓመት ዕረፍት፣ ነው። ዓርብ ማታ ግን ቡፌው ለጿሚ አይሆንም። ሽሮና እንጀራ በሳህን አድርገን እንይዛለን።

የወጣቶች ተወካይ፦ ካውፓቶሪ ላይ የሳልሞን ሾርባ የምትበሉ፣ ሳህናችሁን ጠብቁ። እዚያ ያለው ወፍ አይፈራም። ልበላው የነበረውን የተጠበሰ ዓሣ ከእጄ ላይ ነጥቆኝ ሲሄድ ሻጩ አልተገረመም።

ገንዘብ ያዥ፦ ቡናስ? ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ቡና በመጠጣት ከዓለም ቁንጮው ላይ ናቸው ይባላል። ግን ቆላቸው ብዙም አይጠቁርም፤ ለኛ ቀጠን ይላል።

አንዲት እናት፦ ጀበና ይዤ ልምጣ?

አስተባባሪ፦ ካቢን ውስጥ እሳት ክልክል ነው እህቴ። ቤት አፍልተሽ በፔርሙዝ ያዢ።

እንግዲህ የተስተካከለው ሐሳብ ይኸው ነው። ዓርብ ከሰዓት ከስቶክሆልም እንነሳለን። ቅዳሜ ጠዋት ከመርከቡ በእግር ወደ ካውፓቶሪ፤ ከዚያ ኡስፔንስኪ፣ የሴኔት አደባባይና አርክቴክቱ ኤንግል የነደፈው ነጩ ካቴድራል። ከምሳ በኋላ የዓለቱ ቤተ ክርስቲያን፤ ወደ ማታ ፓርላማው ፊት ለፊት ያለው ኦዲ። ኦዲ በፈረንጅ በ2018 የተከፈተ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር ለሕዝብ ያስቀመጠ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ሰገነቱ ላይ ተቀምጠን እንነጋገራለን። በጁላይ ቶሎ ስለማይጨልም የቀረ ጉልበት ያለው ሳውናውን ይሞክር። እሑድ ጠዋት ሻንጣ ሆቴል ትተን ሱኦመንሊና፤ ከሰዓት ግማሹ ስታዲየም፣ ግማሹ ሊናንማኪ። 10 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደብ ላይ። ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደፊት ማዞር አትርሱ፣ ፊንላንድ ከስዊድን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። የሲቤሊየስ ሐውልት ቀረ።

የታሪክ አፍቃሪ አባል፦ ስድስት መቶ ምናምን የብረት ቱቦ ሳላይ ልመለስ?

አስተባባሪ፦ ከስታዲየሙ ያን ያህል አይርቅም፣ ጋሼን ጠይቃቸው።

ጋሼ፦ ማማው ላይ ከወጣን በኋላ አብረን እንሄዳለን፤ በእግሬ እኮ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ድጋፌን ሰጥቻለሁ። ሆቴሉን ለአራት አራት ሰው ክፍል እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ያለ ድንበር ፍተሻ በሚታለፍበት በሼንገን ክልል ውስጥ ነው ብላችሁ ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ፓስፖርቱንም የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱንም ያዙ፤ ቀኑ ያለፈበት ካለ ከአሁኑ ያሳድስ። እስከ ሰኞ ስማችሁንና የልጆቹን ዕድሜ ላኩልኝ።