ሉሲድ ድሪም (ህልም ውስጥ ሆኖ ህልም መሆኑን ማወቅ) የሞከራችሁ፣ እስቲ እርዱኝ
ሰላም ጓዶች፣ ማይልድ የሚባለውን የህልም ተመራማሪውን የስቴፈን ላበርጅን ዘዴ እየሞከርኩ ነው፣ ያው ለአምስት ሰዓት ያህል ተኝቶ በአላርም መንቃት ከዛ ቅድም ያዩትን ህልም በአይነ ህሊና መልሶ እያዩ "ቀጥሎ ሳልም ህልም መሆኑን አውቃለሁ" እያሉ መተኛት ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ምስሉን ላጥራ ብዬ ስታገል እንቅልፌ ድራሹ ይጠፋል፣ ለቀቅ ሳደርገው ደግሞ ድብን ብዬ እተኛና ጠዋት ባዶ። አንዴ ብቻ የአያቴ ጓሮ ቆሜ እጄን ሳይ ጣቶቼ ስድስት ሆኑ፣ "እንዴ ህልም ነው!" ከማለቴ በደስታ ባነንኩ 😩። እና ምስሉን ምን ያህል ነው የምታጠሩት? ወይስ ቃሉን መደጋገሙ ብቻ ይበቃል? ስትነቁስ ከአልጋ ትነሳላችሁ ወይስ እዛው? (የሰይጣን ስራ ነው ተወው ለምትሉኝ፣ እሱን እናቴ ጨርሳዋለች 😂)