ስክሪን ከተቀየረ በኋላ አልታዘዝ ያለ የማብሪያ ቁልፍ

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ13 ስልኬን ስክሪኑ ተሰብሮ ከነፍሬሙ ካስቀየርኩ ወዲህ የጎን ማብሪያው ችግር አምጥቷል፤ የላይኛውን ጫፍ በጥፍሬ ካልተጫንኩት በቀር አይሰራም፣ አንዳንድ ጊዜም ኪሴ ውስጥ እንዳለ ስልኩ በራሱ ጠፍቶ ይነሳል። የጣት አሻራው ግን ደህና ነው። ጠጋኙ «ፓወር አይሲው (የስልኩን ኃይል የሚቆጣጠረው ቺፕ) ተጎድቷል» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀኝ። ከጥገናው በፊት ቁልፉ ምንም ስላልነበረው አልተዋጠልኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ስልክ ወዳጅ
ባይዋጥልዎት አይፈረድብዎትም። አይሲው ቢጎዳ ኖሮ ብዙውን ጊዜ ቻርጅ ማድረጉም ያስቸግርዎት ነበር። ፍሬም ሲቀየር የቁልፉ ፍሌክስ (ቁልፉን ከስልኩ ቦርድ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ተጣጣፊ ገመድ) ከአሮጌው ተላቆ በአዲሱ ላይ ይለጠፋል፤ ማጣበቂያው በደንብ ካልያዘ ወይም ፍሌክሱ ቦታውን ትንሽ ከሳተ፣ ከቁልፉ በስተጀርባ ያለችው ጎበጥ ያለች ቀጭን ብረት በተጫኑ ቁጥር ወደ ኋላ ስለምትሸሽ አትገናኝም። ጫፉን ሲጫኑ ብቻ መስራቱ የሚያስጠረጥረው ይህንኑ ነው። አሻራው መስራቱም አያታልልዎት፤ አሻራ አንባቢው ያለው ከላይ ቁልፉ ላይ ሲሆን መጫንዎን የሚያውቀው ክፍል ግን ከሥሩ ነው። ለማንኛውም አስቀድመው የስልኩን ከቨር አውልቀው ይሞክሩት።

መልስ፦ ጥገና ሥራዬ ነው
በዚህ እስማማለሁ። ግምት ከምንለዋወጥ ግን ጠጋኙ በፊትዎ ይለካው። የባትሪው ኮኔክተር (ማገናኛ) ከተነቀለ በኋላ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ድምፅ በሚሰጠው መፈተሻ ላይ አድርጎ የቁልፉን ሁለት ጫፎች ሲነካ፣ ቁልፉ ሳይጫን ዝም ማለት፣ ሲጫን ደግሞ መጮህ አለበት። ሳይጫን የሚጮህ ከሆነ ቁልፉ ተጣብቆ ቀርቷል ማለት ነው፤ በራሱ መነሳቱም በዚህ ይፈታል። ሳምሰንግ ማብሪያውና ድምፅ መቀነሻው አብረው ለጥቂት ሴኮንዶች ሲያዙ ተገዶ ስለሚነሳ፣ ማብሪያው ተጣብቆ ከሆነ ድምፅ መቀነሻው ኪስ ውስጥ መጫኑ ብቻ ይበቃዋል። ልኬቱ ደህና ከሆነ የፍሌክሱ ኮኔክተር በትክክል መግባቱ ይታይ፤ የቦርድ ነገር የሚነሳው ከዚያ ወዲያ ነው። በእኔ እምነት ደግሞ ገጣጥሞ የመለሰው ራሱ ስለሆነ፣ ፍሌክሱን ለማስተካከል ሌላ የእጅ ዋጋ ሊጠይቅዎት አይገባም።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ወስጄ በፊቴ አስለካዋለሁ። እስከዚያው ቢጠፋብኝና ቁልፉ እምቢ ቢል በምን ላስነሳው?

መልስ፦ ስልክ ወዳጅ
እንዳይጠፋ ቻርጁን ይጠብቁ፤ ስክሪኑን ለመቆለፍም ከተደራሽነት ሴቲንግ ውስጥ የረዳት ሜኑን ቢያበሩ ቁልፉን መንካት አያስፈልግዎትም። ከጠፋ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ እንደያዙ ከኮምፒውተር ጋር በተገናኘ የዩኤስቢ ገመድ ይሰኩት። የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሲመጣ ድምፅ መቀነሻውን አንዴ ይጫኑ፤ ይህ ሂደቱን ሰርዞ ስልኩን እንደወትሮው ያስነሳዋል። ድምፅ መጨመሪያውን ግን በዚያ ገጽ ላይ እንዳይነኩት።