የአይስ ሆኪ ተጫዋች ጉልበት፦ ከሎሚው ሥር የሚያመው ጅማትና የእግር ጥንካሬ

ጠያቂ፦
ሰላም እህት ወንድሞች። ስዊድን ውስጥ በከፍተኛው ሊግ ደረጃ የሚጫወት የ22 ዓመት አጥቂ የቀኝ ጉልበቱን ከሎሚው (ጉልበት ፊት ላይ ካለው ክብ አጥንት) ሥር ያመዋል። የጀመረው በኦገስት፣ ቡድኑ ከበጋው የጂም ሥልጠና ወደ በረዶ ሲመለስ ነው። ሰውነቱ ሲሟሟቅ ይተወውና በማግስቱ ጠዋት ደረጃ ሲወርድ ይብስበታል። ሁለት ሳምንት አረፈ፣ ሕመሙ ጠፋ፤ በተመለሰ በአራተኛው ቀን ግን እንደነበረው ሆነ። ውድድሩን ሳያቋርጥ ጅማቱን ማጠንከር ይቻላል? ስኳት (ቁጢጥ እያሉ መነሣት) ይተው ወይስ ይቀጥል? በምን ያህል ክብደት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ?

ፊዚዮቴራፒስት፦
ስኳቱን አይተው። ዕረፍት ሕመሙን ያስተኛዋል እንጂ ጅማቱን አያጠነክረውም። እንዲያውም በሁለቱ ሳምንታት የፊት ጭን ጡንቻው ደከም ብሎ፣ የሚጠብቀው ሥራ ግን ሳይቀንስለት ነው የተመለሰው። በአራተኛው ቀን ማመሙ አይገርምም።

ከሁሉ በፊት ግን የሎሚው ጅማት መሆኑን አረጋግጡ። «የት ጋ ነው?» ሲባል በአንድ ጣት የሎሚውን የታችኛውን ጫፍ ካሳየ፣ ሕመሙም ከጭነቱ ጋር ደረጃ በደረጃ ከጨመረ (በሁለት እግር ስኳት ትንሽ፣ በአንድ እግር ተዳፋት ሰሌዳ ላይ የበለጠ፣ በዝላይ ከሁሉም በላይ) ጅማቱ ነው። መዳፉን ሙሉ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ «እዚህ አካባቢ» ካለና ረጅም ሰዓት መቀመጥ ካስቸገረው ግን ከሎሚው ጀርባ ያለውን መገጣጠሚያ ጠርጥሩ። ከሎሚው በላይ ከሆነ ደግሞ የፊት ጭን ጡንቻው ጅማት ነው። ይህ ጉልበት በጥልቀት ሲታጠፍ ስለሚብስ፣ ዝቅ ብሎ በሚንሸራተት ሰው ላይ እንዳያመልጣችሁ። አልትራሳውንድ ብቻውን አይፈርድም፤ ምንም የማያማቸው ስፖርተኞች ጅማት ላይም ለውጥ ይታያል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሕመሙ ከፍ ባለበት ሰሞን በሌግ ኤክስቴንሽን ማሽን (ተቀምጦ እግርን በመዘርጋት ክብደት በሚገፋበት) ጉልበቱን 60 ዲግሪ ያህል አጥፎ፣ ሳያንቀሳቅስ 45 ሰከንድ ይግፋ። አምስት ጊዜ፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ እያረፈ፣ ከሙሉ አቅሙ 70 በመቶ በሚሆን ኃይል። አንዳንዱ ተጫዋች ወዲያው ይቀለዋል፣ ሌላው ምንም ለውጥ አያይም፤ ካልሠራለት ጊዜ አታጥፉበት።

ዋናው መድኃኒት ከባድና ዝግ ያለ ጭነት ነው። ስኳት፣ ሌግ ፕሬስ (በማሽን ላይ ክብደትን በእግር መግፋት)፣ ሃክ ስኳት (ጀርባን ማሽን ላይ አስደግፎ የሚሠራ ስኳት)፤ እያንዳንዱ 4 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። 3 ሰከንድ መውረድ፣ 3 ሰከንድ መነሣት፣ በዙሮቹ መካከል 2 እስከ 3 ደቂቃ ዕረፍት። ክብደቱን በኪሎ አልነግርህም፤ በመጀመሪያው ሳምንት 15 ጊዜ ብቻ ሊያነሣው የሚችለውን፣ በ2ኛውና በ3ኛው 12 ጊዜ፣ በ4ኛውና በ5ኛው 10 ጊዜ፣ ከ6ኛው እስከ 8ኛው 8 ጊዜ፣ ከዚያ እስከ 12ኛው ሳምንት 6 ጊዜ ብቻ የሚችለውን። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሕመሙ በ4ኛው ሳምንት ሲቀንስ «ዳነ» ተብሎ ክብደቱ ባለበት ይቆማል። ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚለወጠው።

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይመዝን። በሥራው ጊዜ እስከ 3 ቢሆን ችግር የለውም። ወሳኙ በማግስቱ ጠዋት በተዳፋት ሰሌዳ ላይ በአንድ እግር የሚሠራት አንዲት ስኳት ናት። ውጤቷ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ቀድሞው ቁጥር ካልተመለሰ የትናንቱ ጭነት በዝቷል። ይህን ቁጥር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝግቡት።

የጥንካሬ አሰልጣኝ፦
ከላይ በተባለው ላይ የሆኪውን ጎን ልጨምር። በኖርዌይ ምርጥ ስፖርተኞች ላይ ተሠርቶ በ2005 በወጣው ጥናት ይህ ሕመም ከቮሊቦል ተጫዋቾች 45 በመቶ ያህሉ፣ ከቅርጫት ኳስ 32 በመቶ ያህሉ ላይ ተገኝቷል፤ በብስክሌተኞች ላይ ግን አንድም አልተገኘም። ጅማቱን የሚፈትነው እንደ ሞላ የሚለጠጥበትና የሚለቅበት ፈጣን ሥራ ነው። በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ የእግር ግፊት ወደ ጎን የሚሄድ፣ ከሩጫ እርምጃ በእጅጉ የሚረዝም ነው። ስለዚህ ጥፋተኛውን በረዶው ላይ ብቻ አትፈልጉ። የበጋው የሳጥን ዝላይ፣ ከዚያ በላዩ ላይ በአንድ ሳምንት የተደራረበው የበረዶ ልምምድ፣ ድንገተኛው ማቆምና መነሣት፣ ይህ ድምር ነው የኦገስቱ ሕመም።

ከዚህ ሌላ ገጽታም አለው፤ በረዶ ላይ መንሸራተት ብቻውን ጅማቱን ለዝላይ አያዘጋጀውም። በረዶ ላይ ብርቱ የሆነ ሰው ሳጥን ላይ ሲወጣ የሚያመው ለዚህ ነው።

በኤስኤችኤል (በስዊድን ከፍተኛው የሆኪ ሊግ) መደበኛው ውድድር 52 ጨዋታ ነው፣ በአብዛኛውም ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። በእንዲህ ያለ ሳምንት 3 ከባድ ቀን አይገኝም፣ 2 ይበቃል። ማክሰኞና ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ እዚያው ጂም ውስጥ ስኳትና ሌግ ፕሬስ ብቻ ይሥራ። ጨዋታ በሌለበት ቀን ማንሣት ያጓጓል፤ ግን ጅማቱ በተከታታይ ቀናት ይጫናል፣ ዕረፍት የሚባል ቀን አይቀረውም። ከባዱን ከከባድ ቀን ጋር አስሩት። በመካከሉ ያሉት ቀናት ለብስክሌት ይሁኑ፣ ኮርቻው ከፍ ብሎ።

ጥንካሬውን በአንድ በአንድ እግር ለኩ። በሁለት እግር 180 ኪሎ ስኳት የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ክብደቱን ወደ ግራ ሊያጋድል ይችላል፤ ክብደቱ በተሰካበት ብረት ላይ አይታይም። በዳይናሞሜትር (የጡንቻ ኃይል መለኪያ መሣሪያ) ጉልበት የሚዘረጋውን ጡንቻ ስትለኩ ያመመው እግር ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ ይድረስ። ግን ሁለቱም ደካማ ሆነው እኩል ሊሆኑ ስለሚችሉ ከሰውነቱ ክብደት ጋርም አነጻጽሩ።

ብሽሽቱንም አብራችሁ ለኩ። በኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ) ተጫዋቾች ላይ በ2001 በወጣ ጥናት፣ ጭንን ወደ ውስጥ የሚስበው ጡንቻ ጥንካሬ ወደ ውጭ ከሚገፋው ከ80 በመቶ በታች የሆነባቸው ለብሽሽት ጉዳት የመጋለጣቸው ዕድል 17 እጥፍ ነበር። በጉልበት ማገገሚያ ጊዜ ሁሉም ትኩረት ፊት ጭን ላይ ሆኖ ይህ ይረሳል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የኮርቲዞን (እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት) መርፌ ይወጋ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ዝላይስ መቼ ይመለስ?

ፊዚዮቴራፒስት፦
መርፌውን አልደግፍም። በ2009 የወጣው፣ ይህንኑ ዝግ ያለ ከባድ ጭነት ከኮርቲዞን ጋር ያወዳደረ ጥናት እንዳሳየው፣ በ12 ሳምንት ሁሉም ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ በግማሽ ዓመት ግን መርፌ የተወጉት ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ከሎሚው ሥር የሚታሰረው ቀበቶ ሕመሙን ካቀለለለት ይጠቀምበት፤ ጥንካሬን ግን አይተካም። አንድ ነገር ለቡድኑ ሐኪም አስታውሱ፦ ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰሎቹ አንቲባዮቲኮች ጅማት ስለሚጎዱ፣ ሌላ አማራጭ ካለ ለዚህ ልጅ እንዳይታዘዙ።

ዝላይ የሚመለሰው የጠዋቱ ቁጥር ለሳምንታት ጸንቶ፣ በአንድ እግር ሌግ ፕሬስም ሁለቱ እግሮች ሲቀራረቡ ነው። በሁለት እግር ዝቅተኛ ዝላይ ይጀምር፣ በየ3ኛው ቀን፣ እግሩ መሬት የሚነካው ከ30 ጊዜ ሳይበልጥ። መጀመሪያ የዝላዩን ብዛት ጨምሩ፣ ከዚያ ከፍታውን፣ በመጨረሻ በአንድ እግር ማረፉን፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትጨምሩ። በረዶ ላይ ያለውን ድንገተኛ ማቆምም እንደ ዝላይ ቁጠሩት፤ የልምምድ ዕቅዱ «ቀላል» ቢልም ውስጡ 40 ማቆሚያ ካለበት ለዚህ ጉልበት ቀላል ቀን አይደለም።