ጭንቅላቱን የተመታ ተማሪ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ ይመለስ?

ሐሳብ አቅራቢ (ማራኪ)፦
የጎንደር ወላጆች፣ መምህራንና የኳስ ወዳጆች፣ እንድትከራከሩበት የማነሣው ጉዳይ ይኸውላችሁ። በቅርቡ በአንድ የትምህርት ቤቶች ጨዋታ ላይ ሁለት ልጆች የማዕዘን ምት በቴስታ ለመምታት ዘለው አናት ለአናት ተጋጩ። አንደኛው ወደቀ። ውሃ አፈሰሱበት፤ ተነሣ፤ ደጋፊው አጨበጨበለት፤ ገብቶም እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ፤ ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀም አያስታውስም። ዛሬ ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።
የማቀርበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በከተማችን የትምህርት ቤቶች ውድድር ሁሉ ጭንቅላቱን ተመትቶ አንድም ምልክት ያሳየ ተማሪ በዚያ ቀን ዳግም እንዳይጫወት የሚያስገድድ ደንብ ይውጣ፤ ውሳኔውም ከአሰልጣኙ እጅ ይውጣ። ሁለተኛ፣ የአንደኛ ደረጃ ልጆች በልምምድ ላይ ቴስታ አይምቱ። እስቲ በሉ።

የስፖርት መምህር (አዘዞ)፦
ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ግን ማን ያስፈጽመዋል? አንድ ፊሽካ ይዤ ያን ሁሉ ተማሪ ሜዳ የማወጣው እኔ ነኝ። ወጌሻ የለን፣ ሐኪም የለን፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥናችን ውስጥ ያለው ፋሻና አልኮል ነው። የአንጎል መናወጥ የሚባለውን በምን ለይቼ ልጁን ላስወጣው? ደግሞም ደንቡ ለተንኮል በር ይከፍታል። የተጋጣሚን ጎበዝ አጥቂ አንድ ጊዜ በክርን አናቱን መምታት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ቅያሪ ጨርሼ ከሆነስ? በ10 ልጅ ልጫወት ነው?

የቀድሞ ተከላካይ (አራዳ)፦
መምህር ልክ ናቸው። እኛ ስንት ጊዜ አናታችንን ተመትተን፣ ዓይናችን እየጨለመ ተጫውተናል። ኳስ ወንድነት ይጠይቃል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያመጣው በሚፈራ ልጅ አይደለም። ቴስታ ያልለመደ ተከላካይ አድጎ የረጅም ኳስ ሲመጣበት ምን ሊያደርግ ነው?

ነርስ (ቀበሌ 18)፦
መምህር፣ ከአንቱ ጥያቄ ልጀምር፤ ቁም ነገሩ እሱ ነው።
አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲመታ ወይም በኃይል ሲወዛወዝ አንጎሉ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የነርቭ ሴሎቹ ይለጠጣሉ፤ ሥራቸው ለጊዜው ይታወካል። የአንጎል መናወጥ ይኸው ነው። ስለዚህ በሲቲ ስካን አይታይም። ብዙ ወላጅ “ሲቲው ነጻ ነው ተብሏል፣ ቅዳሜ ይጫወት” ይለኛል። ሲቲ የሚፈልገው ደም መፍሰስንና ስብራትን ነው፤ ነጻ ነው ማለት አንጎሉ አልተናወጠም ማለት አይደለም። “ራሱን አልሳተም እኮ” የሚሉም አሉ። የአንጎል መናወጥ ከሚደርስባቸው ከ10ሩ ዘጠኙ ገደማ ራሳቸውን አይስቱም።
አሁን ወደ አንቱ ጥያቄ። አንቱ ምርመራ እንዲያደርጉ ማንም አይጠይቅዎትም። ጥርጣሬ ከገባዎት ያስወጣሉ፣ በቃ። ሐኪም ላልሆነ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ አጭር መለያ አለ፤ የዘርፉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ ተሰብስበው አሻሽለውታል። ልጁ ከወደቀ በኋላ ለመነሣት ዘገየ? ተንገዳገደ? ፈዘዘ? ጭንቅላቱን ያዘ? ራስ ምታት፣ ብዥታ፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት አለ? ከዚያ ጠይቁት፦ የት ሜዳ ነን? አሁን ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ላይ ያገባው ማን ነው? ባለፈው ጨዋታ ከማን ጋር ተጫወትን? አሸነፍን ወይስ ተሸነፍን? አንዱን ከሳተ ወይም አንድ ምልክት ካሳየ በዚያ ቀን አይመለስም። ሁሉንም መለሰ ማለት ግን ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ወደ ቤት አይላክ።
ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ እጅ እግሩ ከደነዘዘ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ካየ፣ አንገቱን ካመመው፣ እንግዳ ጠባይ ካሳየ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት መቀስቀስ ካስቸገረ በቀጥታ ሆስፒታል። አንገቱን ያመመውን ልጅ ደግሞ ባለሙያ ሳይደርስ አታንሡት፣ አታገላብጡት። እኛ አገር ሦስት ሰው ተረባርቦ ብድግ ማድረግ ልማድ ሆኗል፤ እባካችሁ ይቅር።

የተማሪ እናት (ልደታ)፦
ልጄ ባይተኛ ይሻላል ብለን ሌሊቱን ሙሉ ስናነቃው አድረን እናውቃለን። ልክ ነበርን?

ነርስ (ቀበሌ 18)፦
እትዬ፣ አሁን ያልኋቸው አደገኛ ምልክቶች ከሌሉና ሐኪም አይቶት ከሆነ ይተኛ፤ እንቅልፍ ለአንጎል መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው 24 እስከ 48 ሰዓት ረጋ ይበል፤ ስልክና ቴሌቪዥን ይቀንስ፤ ቀስ ብሎ መራመድ ግን አይጎዳውም። ከዚያ ቅድሚያ ትምህርቱ ነው። ራሱን ሳያመው ሙሉ ቀን ክፍል ውስጥ መቀመጥ ሳይችል ሜዳ አይገባም። ወደ ኳስ ሲመለስም በደረጃ ነው፦ ቀላል ሩጫ፣ ከኳስ ጋር ብቻውን፣ ንክኪ የሌለው ልምምድ፣ በሐኪም ሲፈቀድለት ሙሉ ልምምድ፣ በመጨረሻ ጨዋታ። አንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ይወስዳል።

የተማሪ እናት (ልደታ)፦
እንዲህ ከሆነ ጉዳዩ የስፖርት መምህሩ ብቻ አይደለም። የሒሳቡም የፊዚክሱም መምህር ሊያውቁት ይገባል። ልጁ ፈተና ላይ ፊደሉ እየተደባለቀበት “ሰነፈ” ሲባል ማን ይናገርለታል? ለሁሉም መምህራን የሚደርስ ማስታወሻ በደንቡ ይግባ።

ዳኛ (ፒያሳ)፦
ስለ ወንድነት ለተነሣው አንድ ነገር ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር በተጋጣሚ ትከሻ ፊቱን ተመታ። እንደገና ገባ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወተ። ከዚያ ወደ ዳኛው መጥቶ “ይህ የፍጻሜው ጨዋታ ነው?” ሲል ጠየቀ። ዳኛው ለጓደኞቹ ነገሩና በ31ኛው ደቂቃ ወጣ። ከዓለም ምርጥ ሐኪሞች ጋር የነበረ ቡድን ነው እንዲህ ያለፈው። ልጁ ራሱ “ደኅና ነኝ” ማለቱ ምንም ማስረጃ አይሆንም፤ የተመታው እኮ ያንን የሚመዝነው አካል ነው።
በሕጉ መሠረት ክፉኛ የተጎዳ ተጫዋች ሲኖር ጨዋታ አቁሞ ተጎጂው ከሜዳ እንዲወጣ ማድረግ የዳኛው ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ለእኛ ስጡን። የሚጮኸው ደጋፊ በእኛ ላይ ይጩኽ፤ ለምደነዋል።
የቅያሪው ጉዳይም መፍትሔ አለው። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ሕግ አውጪ አካል ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ ውድድሮች ለአንጎል መናወጥ ተጨማሪ ቅያሪ እንዲፈቅዱ በሕጉ አካቷል። ተጎጂው አይመለስም፤ ተጋጣሚውም አንድ ተጨማሪ ቅያሪ ያገኛል። በ10 ሰው የሚጫወት የለም፤ ታመመ ብሎ አስመስሎ ትርፍ የሚያገኝም የለም። በክርን ሆን ብሎ የሚማታ ደግሞ ቀይ ካርድ አለለት።

የስፖርት መምህር (አዘዞ)፦
ተጨማሪ ቅያሪ ካለ የኔ ተቃውሞ ግማሹ ወድቋል። ቀሪው ግን ሜዳው ነው። የእኛ ሜዳ በበጋ እንደ አስፋልት ነው የሚደርቀው፤ ዳር ዳሩ ድንጋይ ነው። ያልተቀበረ የብረት ጎልም አለ፤ ልጆች ተንጠልጥለውበት ሲወዛወዝ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሸበራል። ጎል መሬት ላይ በደንብ ይታሰር የሚለው የጨዋታው የመጀመሪያ ሕግ ነው። በሌላ አገር ጎል ወድቆባቸው የሞቱ ሕፃናት አሉ። ስለ ቴስታ ከመከራከራችን በፊት ድንጋዩን እንልቀም፣ ጎሉን እንቅበር። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አካፋና ጉልበት ነው።

11ኛ ክፍል ተማሪ፣ የሴቶች ቡድን በረኛ፦
ማንም ያላነሣውን ላንሣ። እኛ እንደብቃለን። ባለፈው ዓመት እግር ስር ስወድቅ ጆሮ ግንዴን ተመትቼ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርሁም። ከወጣሁ ቦታዬን ሌላ ልጅ ትይዘዋለች፤ ለከተማ ምርጫም አልታይም። ስለዚህ ደንቡ ላይ ይጻፍልን፦ በጭንቅላት ጉዳት የወጣ ተማሪ ሲድን በቡድኑ ውስጥ ቦታው ይጠበቅለታል። ይህ ከሌለ ጥያቄያችሁን ሁሉ በቃላችን አጥንተን እንመልሳለን። ጓደኛዋን ያየች ልጅም ለመምህር ብትናገር “አሳበቀች” አትባል።

ሐሳብ አቅራቢ (ማራኪ)፦
እህቴ፣ ይህን እኔ አላሰብሁትም ነበር። በሐሳቡ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይግባ።
ለምን በደንብ እንዲጻፍ እንደምፈልግም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንድ የ13 ዓመት ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ በዚያው ጨዋታ ተመለሰ፤ ጨዋታው ሲያልቅ አንጎሉ ደም ፈስሶ ወደቀ። የሱ ኳስ የኛ አይነት አይደለም፤ የአሜሪካን ፉትቦል ነው፤ አንጎል ግን አንድ ነው። ልጁ ተርፏል፤ አካሉ ግን ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። በ2009 በስሙ የላይስቴት ሕግ ወጣ፦ የተጠረጠረ ይወጣል፣ ያለ ጤና ባለሙያ ጽሑፍ አይመለስም፣ ወላጅም አስቀድሞ አንብቦ ይፈርማል። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁሉም ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። በጎ ፈቃድ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ያ ልጅ አይመለስም ነበር።

የቀድሞ ተከላካይ (አራዳ)፦
ማስወጣቱን ተቀብያለሁ። ቴስታውን ግን አልቀበልም። የሚጎዳው ግጭቱ ነው እንጂ ኳሱ አይደለም።

ነርስ (ቀበሌ 18)፦
ጋሼ፣ ግማሹ እውነት ነው። በኳስ ሜዳ ብዙው የአንጎል መናወጥ የሚመጣው ተጫዋች ከተጫዋች ሲጋጭ ነው፤ ግን ያ ግጭት በብዛት የሚፈጠረው ለቴስታ ሲዘለል ነው። የተደጋጋሚው ምት ጥያቄም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የግላስጎው ጥናት የስኮትላንድ የቀድሞ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲያነጻጽር፣ በአንጎል መሸርሸር በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው 3.5 እጥፍ ሆኖ አገኘው። በኋላ በወጣው ትንተና ከፍተኛው የተከላካዮች ነበር፤ የበረኞች ግን ከሌላው ሰው አልበለጠም። እነዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጫወቱ ሰዎች ናቸው፤ የትምህርት ቤት ልጅ እንዲሁ ይሆናል አልልም። ቢሆንም አሜሪካ ከ2015 ጀምሮ ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ቴስታን ከለከለች፤ እንግሊዝም በ2020 ከአንደኛ ደረጃ ልጆች ልምምድ አወጣችው። የሕፃን አንገት ቀጭን ነው፣ ጭንቅላቱ ከአካሉ አንጻር ከባድ ነው።

የስፖርት መምህር (አዘዞ)፦
በዚህ ላይ አንድ ልጨምር፤ አራተኛ ክፍል ሕፃን 5 ቁጥር ኳስ እየሰጠን ነው። እሱ ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ 4 ቁጥር ከ350 እስከ 390 ነው። ቴስታው ባይቀር እንኳ ኳሱ ይቀየር፣ ከልክ በላይም አይነፋ።

የቀድሞ ተከላካይ (አራዳ)፦
ኳሱን ልቀበል። ቴስታውን ግን ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በስፖንጅ ኳስ፣ አመታቱንና አዘላለሉን አስተምሯቸው ነው የምለው። ጨርሶ ሳይማር ሰባተኛ ክፍል ሲገባ በድንገት የሚዘል ልጅ ይበልጥ ይጋጫል ብዬ እሰጋለሁ።

ዳኛ (ፒያሳ)፦
ይህ የሚታሰብበት ነው። ማስወጣቱንና ተጨማሪ ቅያሪውን፣ የበረኛዋንም ሐሳብ ለየብቻ እናቅርብ፤ ቴስታው ላይ ያልተስማማን መሆናችን ሌላውን አያዘግየው።

የተማሪ እናት (ልደታ)፦
እሺ። ግን ልጁ ከወጣ በኋላ ማን ይዞት ሆስፒታል ይሄዳል? የባጃጁንና የካርዱን ማን ይከፍላል? መምህሩ 21 ልጅ ሜዳ ጥሎ አይሄድም። በየጨዋታው ስልኳን ይዛ የምትቀመጥ አንድ ወላጅ በተራ ትመደብ፤ የቡድኑ ልጆች የወላጅ ስልክ ቁጥርም በእጇ ይሁን። በእኛ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ተራ እኔ እወስዳለሁ።