ለልጄ ችፌ የታዘዘው የስቴሮይድ ቅባት ግራ አጋባኝ

የአዳማዋ እናት፦
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ልጄ ሁለት ዓመት አልፏታል። ክርኗ እጥፋት ውስጥና ከጉልበቷ ኋላ ችፌ አለባት። ሌሊቱን ስታክ እሷም አትተኛ፣ እኛም አንተኛ። ሐኪሙ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ በቀን ሁለቴ ብሎ አዘዘላት፤ ለስንት ቀን እንደሆነ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። አማቴ ስቴሮይድ መሆኑን ሲሰሙ "ቆዳዋን ያሳሳዋል፣ እንዳትነኪው" አሉኝ። የባለቤቴ እህት ደግሞ ራሷ የምትቀባውን ቤታሜታዞን ይዛ መጥታ ይሄ ቶሎ ያጠፋዋል፣ ጉንጯንም ቀቢያት ትላለች። ጉንጯ ላይም ትንሽ ወጥቶባታል። ማንን ልስማ? መጠኑስ ስንት ነው?

ፋርማሲስት ነኝ፦
እህቴ፣ ለልጅሽ የታዘዘውን ቀጥዪ፣ የአክስቷን መልሺላት። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርዱ መድኃኒቶች፤ ጉልበታቸው ግን አይገናኝም። ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ከደካሞቹ ነው። ቤታሜታዞን ቫለሬት ከጠንካሮቹ ነው፣ ክሎቤታሶል ደግሞ ከሁሉም ይበረታል። ቱቦው ላይ በተጻፈው ቁጥር አትለኪው። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ሆኖ ሳለ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞንን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቁጥሩን አይተው "ቀለል ያለውን ስጠኝ" ለሚሉኝ ሰዎች ሁሌም የምነግረው ይሄንን ነው።

መጠኑን በጣትሽ ለኪ። ከሌባ ጣትሽ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ጨምቀሽ የምታወጪው ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ ጣቶቹን ጨምሮ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ለሚያህል ቦታ ይበቃል። የታመመው ቦታ ላይ ብቻ ቀቢ። እስከ መቼ? ማሳከኩ ቆሞ፣ በእጅሽ ስትዳብሺው ሻካራነቱ እስኪጠፋ። በእኛ ቆዳ ቅላቱ ብዙም ስለማይታይ ከዓይን ይልቅ እጅ ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃል። በሁለት ሳምንት ካልተሻላት ግን በራስሽ ሌላ ቅባት አትጨምሪ፣ ሐኪሙ ጋ ተመለሺ።

የሦስት ልጆች እናት፦
አማትሽ የፈሩት ነገር እውነት አለው። ቆዳ የሚሳሳው ግን ጠንካራው ቅባት ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ነው፣ በተለይ ፊት፣ የዓይን ቆብ፣ ብብትና ብሽሽት ላይ። ዳይፐር ስር ያለውም ቦታ እንደዚያው ነው፤ ስለሚታፈን መድኃኒቱ የበለጠ ይገባል። ችፌው ሲድን ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ያንን የሚያመጣው ራሱ ችፌው ነው፣ በወራት ውስጥም ቀለሙ ይመለሳል። ይሄንን ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ይረዱሻል።

በፍርሃት አንድ ቀን ቀብተው ሦስት ቀን የሚተዉ እናቶች በጣም ያሳዝኑኛል። ልጁ ሳይድን ወራት ያልፋሉ። ቫዝሊኑንም አትርሺ! ለብ ባለ ውሃ ቶሎ አጥበሽ፣ ቆዳዋ እርጥብ እያለ መላ ሰውነቷን ቀቢያት። ችፌው ሲጠፋም ቫዝሊኑ ይቀጥላል። ከስቴሮይዱ ጋር በአንዴ አትደርቢው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ለያዪው።

ነርስ ከጅማ፦
ሐኪም አይቷት ችፌ ካለ ጥሩ። ሳይታዩ ለሚቀቡት ግን አንድ ነገር ልበል። ጭርት ላይ ስቴሮይድ ስትቀቡ ማሳከኩ ጋብ ይላል፣ መልኩ ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን ከስር እየተስፋፋ ነው፤ በኋላ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። እከክም እንዲሁ ይደበቃል። ቤተሰቡ ሁሉ ማታ ማታ የሚያክ ከሆነ፣ በተለይ በጣቶች መሃል፣ መጀመሪያ እከክን ጠርጥሩ። ስቴሮይድ፣ የፈንገስና የባክቴሪያ መድኃኒት በአንድ ላይ የተቀላቀለባቸውን ክሬሞችም "ሁሉንም ይነካል" ብላችሁ አትግዙ።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ክሎቤታሶልን ሎሽን ውስጥ ቀላቅለው ለፊት ማቅያ የሚሸጡት ናቸው። መጀመሪያ ፊት ይጠራል። ቆይቶ ብጉር ይወጣል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ስር ይታያል፣ ሲያቆሙት ደግሞ እንደ እሳት ይለበልባል። እህቶቼ፣ የሚቀባችሁን ሰው ቅባቱ ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ። ለረጅም ጊዜ የተቀባችሁም ካላችሁ እንዴት እንደምታቆሙት ከቆዳ ሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

የአዳማዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቀለል አለኝ። ጉንጯንስ በዚሁ በሃይድሮኮርቲዞኑ ልቀባት?

ፋርማሲስት ነኝ፦
ሐኪሙ ጉንጯን አይቶ ካዘዘ ለጥቂት ቀን ይቻላል፣ ከዓይኗ አርቀሽ። ካላየው ደውለሽ ጠይቂው፣ እስከዚያው ቫዝሊን ብቻ። ፊቷ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚመለስባት ከሆነ እንደ ታክሮሊመስ ያለ ስቴሮይድ ያልሆነ ቅባት አለ፣ እሱም በሐኪም ትእዛዝ ነው። ችፌው ውሃ ካዘለ፣ ቢጫ ቅርፊት ካበጀ ወይ ካተኮሳት ቶሎ አሳያት። የሚያም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ በአንድ ጊዜ ከወረራት ግን ለነገ አትበይ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጃት።